ወርቁን ማን ይንገረው? ከፀጉር ቤት የተሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ባለፈው ጥር አንዲት ሙሽራ ካስክ ስር አስቀምጬ ቡና እየቀዳሁላት ነበር። ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ሰርጓ እሑድ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ናት። «ከሰርጉ በኋላ ትምህርቱስ?» አልኳት እንደ ዋዛ። ዝም አለች። ቆይታ «መቀጠል እፈልጋለሁ፣ እሱ ግን ምን እንደሚል አላውቅም» አለችኝ።

«አልጠየቅሽውም?»

«ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? ከወደደኝ ራሱ ይገባው የለ! ደግሞ ነግሬዋለሁ እኮ። የጓደኛዬን ባሏ ያስተምራታል ብዬዋለሁ።»

ጀበናው እጄ ላይ ቀረ።

ይህን ንግግር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፀጉር ስሠራ ዘንድሮ 19 ዓመቴ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ ሳይኮሎጂም አልተማርኩም። ግን ሰው ጭንቅላቱን በሞቀ ውሃ ሲያጥቡት አፉም አብሮ ይፈታል። ለነፍስ አባቷ ያልነገረችውን ለእኔ የነገረችኝ ሞልታለች። ስለዚህ ዛሬ ልተንፍስ። ስም አልጠራም፣ ደንበኞቼ አትስጉ።

በጥቃቅኖቹ ልጀምር።

«የሚዋደዱ ባልና ሚስት አይጣሉም።» ይጣላሉ። ቀጣዩ።

«ልጅ ሲወለድ ይቀራረባሉ።» ሌሊት ሦስት ጊዜ የሚነሳ ሕፃን ማንን ከማን ያቀራርባል? መጀመሪያ ተቀራረቡ፣ ከዚያ ውለዱ።

«ገንዘብ ደስታ አይገዛም።» ይህን የሚነግረኝ ሰው ሁልጊዜ ብድሬን ያልመለሰልኝ ሰው ነው። ዕቁቤ የወጣ ቀን እኔ ደስ ብሎኝ ነው ያደርኩት፤ ምን ልዋሽ።

«እነ እገሌን ቲክቶክ ላይ አይተሻቸዋል? እንዴት ነው የሚዋደዱት!» የእገሊትን ፀጉር የምሠራው እኔ ነኝ። እዚህ ላይ ላቁም።

«ብቻዋን የምትኖር ሴት ሆዷ የባባ ናት።» አንዲት አስተማሪ ደንበኛ አለችኝ። አርባዎቹ ውስጥ ናት፣ አላገባችም። ቅዳሜ ጠዋት ትመጣለች፣ ትታጠባለች፣ ከጎን ካለው ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ ገዝታ ቤቷ ትገባለች። ወንበሬ ላይ ተቀምጠው የሚያዝኑላት ሴቶች ግማሾቹ ፀጉራቸው እስኪደርቅ እንኳ አራት ጊዜ ይደወልላቸዋል። «የት ነሽ?» «ገና ነሽ?» «ቁልፉን የት አደረግሽው?» ብቸኝነት የሚከብዳት ቀን የላትም አልልም። አላት። ግን እነሱም አላቸው፤ ያውም ሰው ጎናቸው ተኝቶ።

«ካገባ ይሰክናል» የሚሉት ደግሞ አለ። ይህንን የሚናገሩት ብዙ ጊዜ የልጁ ወገኖች ናቸው። አንዱ ደመወዙን ጠጅ ቤት የሚጨርስ ነበር። ሽማግሌዎቹ ለልጅቷ ቤተሰብ «ሚስት ሲይዝ ይተዋል» ብለው ማሉ። ሙሽራዋን የሠራኋት እኔ ነኝ። እውነትም አራት ወር ተወው። በአምስተኛው ወር ወንበሩ ጠጅ ቤት ውስጥ ሲጠብቀው አገኘ። ድሮ እናቱ ብቻ ነበረች ማታ በር ከፍታ የምትጠብቀው፤ አሁን ሁለት ሆኑ። መጠጥ ለመተው የፈለገ ሰው ሰርግ አይጠብቅም። ለማየት የምትፈልጊውን ጠባይ ከቀለበቱ በፊት እይው፣ ስድስት ወር ጠብቂ፣ ዓመትም ጠብቂ። አዳራሽ ተከፍሎበታል እያልሽ ራስሽን አታስጨንቂ። አዳራሽ ይመለሳል።

«ከተዋደዱ ስለ ንብረት ማውራት ነውር ነው።» ኧረ ወዲያ! አያቶቻችን ላምና በሬ ቆጥረው፣ ምስክር አስቀምጠው ነበር የሚጋቡት። ነውር የሆነው እኛ ላይ ነው። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓመቱ ነው? አሁንም «ቤቱ በስሜ ነው፣ የእኔ ነው» የሚል አይጠፋም። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም ሕጉ የጋራ ነው ብሎ ነው የሚነሳው። የግሌ ነው የሚል ማስረዳት አለበት። የገጠሩ የመሬት ደብተር እንኳ የባልና የሚስት ስም ተጽፎበት ነው የሚሰጠው። እናንተ ሶፋው በማን ብር እንደሚገዛ ለመነጋገር ታፍራላችሁ።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው። «ከወደደኝ ሳልነግረው ይገባዋል።»

እኛ ጎጃም ውስጥ ይህ ነገር የሚብስበት ምክንያት ያለው ይመስለኛል። ያደግነው በቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ እዚሁ ናቸው። ከየአገሩ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከመንደር ውሻ ጋር እየታገለ ቅኔ ሊቆጥር የሚመጣው ወደኛ ነው። በሰምና ወርቅ እንኮራለን፣ ይገባናልም። ችግሩ ቤታችን ውስጥም ቅኔ መዝረፋችን ነው። በቀጥታ መናገር እንደ ብልግና ይታይብናል። የፈለገ ሰው «እፈልጋለሁ» አይልም፣ ዙሪያውን ይዞራል።

አንዷ ደንበኛዬ የማድ ቤቷ ጣሪያ ያፈሳል። ክረምቱን ሙሉ ባሏን «የጎረቤታችን ጣሪያ እንዴት ያምራል» ስትለው ከረመች። እሱም «አዎ፣ ያምራል» ይላታል። ሰውየው ክፉ አይደለም። ጣሪያው እውነትም ያምራል፣ አዲስ ቆርቆሮ ነው። መስከረም ላይ እኔ ጋ መጥታ «ለእኔ ግድ የለውም» ብላ አለቀሰች።

«ያፈሳል፣ አስጠግነው ብለሽዋል?»

«እንዲህ ተብሎ ይነገራል እንዴ!»

ወንዶቹም አይሻሉም። አንዱ ወንድሙ ታሞበት ሚስቱ አልጠየቀችልኝም ብሎ ቅር ተሰኝቷል። ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ገበታው ሲቀርብ «ዛሬ ብዙም አልራበኝም» እያለ ሁለት ጉርሻ በልቶ ይነሳል። እሷ ውጭ እየበላ የሚመጣ መስሏት ወጡን መቀነስ ጀመረች። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ተበድያለሁ ብለው ነው የሚተኙት። ሁለቱም ደግሞ እውነታቸውን ነው።

ራሴንም አልሸሽግም። ከስምንት ዓመት በፊት ነው፣ የዳግም ትንሣኤ ሰርግ ሰሞን። ሦስት ሙሽሮች ሠርቼ፣ በመሃል መብራት ጠፍቶ፣ የአንዷን ፀጉር በጄኔሬተር ተሯሩጬ ጨርሼ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ሬዲዮ ያዳምጣል። «እግሬን፣ እግሬን» እያልኩ ተቀመጥኩ። ወርቁ ምን ነበር? «ተነስና እራት አቅርብ፣ ልጁንም አስተኛልኝ» ነው። እሱ ብድግ ብሎ ወጣ። ገባው ብዬ ደስ አለኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ፋርማሲ ሄዶ የሚቀባ መድኃኒት ገዝቶ መጣ። ፊቴ አስቀመጠውና ወደ ሬዲዮው ተመለሰ።

ዘጠኝ ቀን አላናገርኩትም።

የኛ አገር ኩርፊያ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። መኝታ አይለይም፣ ምሳ አይቀርም፣ ወጡም ጨው አይጎድለውም። ቃል ብቻ ነው የሚጠፋው። የስድስት ዓመቱ ልጃችን መልእክተኛ ሆነ። «ለአባትህ ምሳ ቀርቧል በለው» እለዋለሁ። አባቱ ከእኔ አንድ ክንድ ርቆ ተቀምጧል። «አባዬ፣ ምሳ ቀርቧል ተብለሃል።» «መጣሁ በላት።» «እማዬ፣ መጣሁ ብሏል።» በአምስተኛው ቀን ልጁ ነቃ፤ በየመልእክቱ አንድ ከረሜላ ጠየቀ። ሁለታችንም ከፈልን።

በዚህ መሃል አባቴ ለሕክምና ቀጠሮ ከቢቸና መጣ። ወጣት ሳለ ዲማ ቅኔ የቆጠረ ሰው ነው፣ ኋላ ወደ እርሻው ተመለሰ እንጂ። ሁለት ቀን ዝም ብሎ አየን። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ሥራ እንደወጣ «ልጄ፣ ምን ብለሽው ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ሳቀብኝ።

«እኛ ዲማ ሳለን፣ የኔታ ቅኔውን ነግረውን ዝም አይሉም። ሰሙ ይህ ነው፣ ወርቁ ይህ ነው ብለው ፈትተው ነው የሚያስረዱን። ሌት ተቀን ግዕዝ ሲያጠና የሚያድር ተማሪ እንኳ ተፈትቶለት ነው የሚገባው። አንቺ ለዚያ ምስኪን ሰሙን ነግረሽው ወርቁን ይዘሽበት ተኛሽ።»

እኔ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። መውደድ ሌላ ነው፣ ልብ ማንበብ ሌላ። «ሃያ ዓመት አብሮኝ ኖሮ እንዴት አያውቅም?» ትሉኛላችሁ። ብዙ ዓመት አብሮ የኖረማ ይብሳል። አዲሱ ባል ቢያንስ ስለማያውቅ ይጠይቃል። የቆየው የሚያውቅ ይመስለዋልና መጠየቅ ትቷል። እሱ የሚያውቀው የዛሬ አሥር ዓመት የነበራችሁትን እናንተን ነው። ያኔ እግራችሁን ሲያማችሁ እውነትም ቅባት ነበር የምትፈልጉት።

«ተነግሮት ካደረገውማ ምን ዋጋ አለው?» የሚሉኝም አሉ። ይህችን ስሰማ ማበጠሪያውን ትንሽ ጠበቅ አድርጌ እስባለሁ፣ ይቅር በሉኝ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «ከጎበዝክ የት እንዳመመኝ እወቅ» ትሉታላችሁ? በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምታችሁ አድጋችኋል። ሲነገረው ተነስቶ ያደረገ ሰው ሰምቷችኋል። ሰምቶ የማያደርገው ነው የሚያሳስበው። እሱን ደግሞ የምታውቁት ከነገራችሁት በኋላ ብቻ ነው።

አነጋገሩም ወግ አለው። አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ተናገሩ። «ጣሪያውን አስጠግን» ካላችሁ እዚያው ጨርሱ፤ የዛሬ ሦስት ዓመት እናቱ የተናገሩትን አትጨምሩበት። በጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ትልቅ ነገር አታንሱ። ዓርብና ረቡዕ ብቻ አይደለም የምላችሁ፣ ሁዳዴ 55 ቀን እንዳለው አትርሱ። አማት ባሉበት አይሆንም። በልጅ መላክም አይሆንም፤ ከረሜላ ተወዷል።

ሙሽሪቷን ስልኳን አስያዝኳት። ከካስኩ ሳትወጣ ደወለች። አንገቷ ላይ ላቧ ሲወርድ አየሁት። ከወዲያ ያለው ድምፅ ለእኔም ይሰማል፦ «ይኸው ነው እንዴ? እኔ እኮ በጓደኛሽ ቀንተሽ መስሎኝ ነበር።» ባለፈው ሰሞን ፈተና ደረሰብኝ ብላ ሹሩባ ተሠርታ ሄዳለች። ሁሉም እንዲህ አያልቅም ደግሞ። ሌላዋ ይህንኑ ጠይቃ «ቤት ነው የምትቀመጪው» ተባለች። ሰርጉን ትታ ትምህርቷን ቀጠለች። እናቷ እስከ ዛሬ እኔን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ይዙሩ።

የዚህ ነገር ታናሽ ወንድም «ተመስገን ያለ ሰው ደህና ነው» የሚለው ነው። ሰላምታችንን ታውቁታላችሁ። እንዴት አደሩ? እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹስ? ይመስገን። ከብቱስ? ይመስገን። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ እናት ጥርሳቸው መርቅዞ፣ ጉንጫቸው ብርቱካን አክሎ «እንዴት አደሩ?» ብላቸው ባልተጎዳው ጎናቸው «ተመስገን» አሉኝ። ተመስገን ሰላምታ ነው። የጤና ምስክር ወረቀት አይደለም። ማመስገንና መከፋት አብረው አይሄዱም ያለ ማን ነው? የዚህ አገር ልጅ ዳዊት ደግሞ ነው ያደገው፤ ዳዊት እያመሰገነ ስንት ቦታ ነው የሚያለቅሰው? ሰውን ማወቅ የፈለገ ሁለቴ ይጠይቅ፣ ያውም ቡና ላይ። በአቦል ማንም እውነቱን አይናገርም። ቶና ላይ ይጀምራል። በረካ ላይ መሀረብ አቀብሉት።

ከአዲስ አበባ ዓባይ በረሃን ተሻግረው የሚመጡ እንግዶች ደግሞ የራሳቸው አላቸው። 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው፣ አቧራቸውን ሊታጠቡ እኔ ጋ ጎራ ይሉና «እናንተ እኮ ታድላችኋል፣ ጭንቀት የለባችሁ። ገበሬው ሲታይ እንዴት ሰላም ነው!» ይላሉ። ማሳውን ያዩት ከመኪና መስኮት ነው፣ መስከረም ላይ፣ አደይ አበባ ሲያብብ። ማን ያኔ ሰላም የማይመስል አለ?

ወንድሜ ጤፍ ያርሳል። ጤፍ ማሳው አራት አምስት ጊዜ ካልታረሰ አይሆንም። ሐምሌ ላይ ይዘራል፣ ነሐሴና መስከረም ጎንበስ ብሎ ማረም ነው። ከዚያ በፊት የማዳበሪያው ነገር አለ፤ ይመጣል? መቼ? በስንት? መሬቱ ደግሞ አባቴ ለልጆቹ ሲያካፍል አንሷል። ኅዳር ላይ ሰብሉ ታጭዶ ማሳው ላይ ሳለ ዝናብ ቆርቆሮውን መታ ሲያደርገው እናቴ ከአልጋዋ ተነስታ በሩን ከፍታ ትቆማለች። አትናገርም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጨለማውን ታያለች። የዓመቱ እህል ነው ውጭ እየረጠበ ያለው። ይህን «ጭንቀት» ብላ አትጠራውም። «ሐሳብ ገባኝ» ነው የምትለው። ወይ «ሆዴን ባር ባር አለው»። ቃሉ ከከተማው ስለተለየ ነገሩ የሌለ መሰላችሁ።

እውነት ለመናገር እናቴ ያላት እኔ ደብረ ማርቆስ ያጣሁት አንድ ነገር አለ። በማግሥቱ ጠዋት ሳትጠራቸው ሦስት ሴቶች ይመጣሉ፣ እነሱም ሌሊቱን በር ላይ ቆመው ያደሩ ናቸው። ክምሩን አብረው ይገላብጣሉ። ይህንን ሰላም ካላችሁት እሺ፣ እስማማለሁ። በመኪና መስኮት ግን አይታይም።

አንድ ልጨምር፣ ስለ ሽማግሌ። «ሽማግሌ የሚገባው ትዳሩ ሊፈርስ ሲል ነው» ይባላል። ሰዉም እየጠበቀ፣ እየጠበቀ፣ ልብሷን በሻንጣ ይዛ ስትወጣ ነው የሚሯሯጠው። ያኔ ሽማግሌ ምን ያደርጋል? «ለልጆቻችሁ ስትሉ» ይላል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። ሽማግሌ ጥሩ የሚሆነው ነገሩ ገና ጥሬ ሳለ ነው። እንዲያው ከሰማኋቸው ልንገራችሁ፤ ከሁለቱም ወገን እኩል ይሁኑ። የአንደኛው አጎቶች ብቻ ከሆኑ ፍርዱ ሳይቀመጡ አልቋል። አንዲት ሴት ትኑርበት፣ እትዬ የምትባል፣ ምክንያቱም ሚስት ለአራት ወንድ የማትናገረው ነገር አለ። ለየብቻ ያናግሩ፣ ከዚያ አንድ ላይ። ጠላው ከእርቁ በኋላ ይቅረብ። ቀጠሮ ይያዝ፣ ከወር በኋላ ተመልሰው እንዴት ሆናችሁ ይበሉ። ይህችን የመጨረሻዋን የሚያደርግ ሽማግሌ በ19 ዓመት ሁለት ብቻ ነው የሰማሁ። ደግሞ ዱላ ያለበት ቤት የሽማግሌ ጉዳይ አይደለም፣ የፖሊስ ነው። «ቻይው» የሚል ሽማግሌ መጥቶ ከእሷ ጋር ይደር።

ዘጠኙ ቀን እንዴት እንዳለቀ አልነገርኳችሁም። አባቴ ማታ ባለቤቴን ጠርቶ «ቅኔ ትቆጥራለህ?» አለው። «ኧረ አባባ፣ እኔ የት አውቄ» አለ። «እንግዲያው ስትነግርህ ወርቁን ጠይቃት» አለው። ያቺን ይዞ ቀረ። ባለፈው ቅዳሜ ደክሞኝ ገብቼ «ዛሬስ ደንበኛው ጉድ ነው የሠራኝ» አልኩና ተቀመጥኩ። ሬዲዮውን ዝቅ አደረገው።

«ወርቁ?»

«ሽንኩርት ክተፍ።»

ተነሳ። በጣም ትልልቅ አድርጎ ነው የሚከትፈው።